«ትሬለሩ ወጣ!»፦ ስለ ትላልቅ ፊልሞች ቅምሻና ስለ አድናቂዎች ጫጫታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንድ ትልቅ ፊልም ትሬለር በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «አየኸው?» ይላል አንዱ። «ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ ያበላሹት?» ይላል ሌላው፤ ፊልሙ ሲኒማ ሊገባ ገና ስምንት ወር እየቀረው። ሦስተኛዋ ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። የእሷ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «አክተሩ ይሞታል?» ለሁሉም በየተራ በድምፅ መልእክት ስመልስ ጉሮሮዬ አለቀ። ስለዚህ መልሱ አንድ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ትሬለር ምንድን ነው? ቲዘር ከሚሉትስ በምን ይለያል?

ትሬለር የፊልም ማስታወቂያ ነው። ቃሉ ከከባድ መኪና ተሳቢ ጋር አንድ ነው፤ ከኋላ የሚጎተት ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታየው ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ ስለነበር ነው እንዲያ የተባለው። በ1913 ኒው ዮርክ ውስጥ የማርከስ ሎው ሲኒማ ቤቶች የማስታወቂያ ኃላፊ የነበረው ኒልስ ግራንለንድ ለአንድ የመድረክ ሙዚቃዊ ትርኢት አጭር ፊልም አሠርቶ አሳየ። የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። በኋላ ሰው ፊልሙ እንዳለቀ ብድግ ብሎ እንደሚወጣ ሲታይ ማስታወቂያው ወደ ፊት ተዛወረ። ስሙ ግን እዚያው ከኋላ ቀረ።

ቲዘር ደግሞ አጭሩ ነው። ቀድሞ ይወጣል፤ አንዳንዴ ቀረጻው ሳያልቅ። ታሪክ አይናገርም፤ አንድ ፊት፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ቀን ያሳይና ይጠፋል።

የእኛ ቴሌቪዥኖች ሁለቱንም «ቅምሻ» ይሏቸዋል። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ግን ያሳስታል። ቅምሻ ከድስቱ ነው የሚጨለፈው። ትሬለር ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ትንሽ ድስት ተጥዶለት የተሠራ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ግማሾቹ ከዚች ልዩነት የመጡ ናቸው።

ትሬለሩን የሚሠራው ዳይሬክተሩ አይደለም?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሥራቸው ትሬለር መቁረጥ ብቻ የሆነ ድርጅቶች አሉ። ስቱዲዮው ገና ያላለቀውን ምስል ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ከዚያ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያወጣሉ። የምትሰሙት ሙዚቃ ፊልሙ ላይ ላይኖር ይችላል። የምታዩት የኮምፒውተር ምስልም ያላለቀ ሊሆን ይችላል። ቀልዱ ከአንድ ትዕይንት፣ የሳቁት ፊቶች ከሌላ ትዕይንት ሊመጡ ይችላሉ።

ነገሩ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማየት የ2016ቱን «ሱዊሳይድ ስኳድ» ውሰዱ። የኩዊን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የታጀበበት ትሬለሩ በጣም ተወደደ። ቀልደኛ፣ ፈጣን፣ ባለቀለም ነበር። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ኤየር የቀረጸው ፊልም ግን ጨለም ያለ ነበር። የሆሊውድ ሪፖርተር እንደዘገበው ስቱዲዮው ደነገጠና ያንን ማስታወቂያ የሠራውን ድርጅት፣ ትሬለር ፓርክን፣ ፊልሙን ራሱን በማረም ሥራ አስገባው። ማስታወቂያው ፊልሙን ጎተተው ማለት ነው። ተሳቢው መኪናውን ሲጎትት አስቡት። ፊልሙ ከ740 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ሃያሲዎቹ ግን አልማሩትም። እኔም አልማርኩትም፤ ሦስት ፊልም ተቀላቅሎ ያየሁ ነው የመሰለኝ።

ትሬለሩ ላይ ያየሁት ትዕይንት ፊልሙ ላይ የለም። ተሸወድኩ?

አዎ፤ አንዳንዴ ሆን ተብሎ። የ2018ቱ «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ትሬለር መጨረሻ ላይ ጀግኖቹ ዋካንዳ በተባለ ምናባዊ የአፍሪካ አገር ሜዳ ላይ አብረው ሲሮጡ ሃልክ ከመካከላቸው አለ። አረንጓዴ፣ ግዙፍ፣ አፉን ከፍቶ። ፊልሙን ስናይ በዚያ ጦርነት ላይ ሃልክ የለም። ትሬለሩ ላይ የተጨመረው እኛን ለማሳሳት ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ሃልክ አልወጣም ብሎ እምቢ የሚልበት ታሪክ ስላለ ያንን ለመደበቅ።

«ሮግ ዋን» በሚባለው የስታር ዋርስ ፊልም ትሬለር ላይ ደግሞ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ድልድይ ላይ ቆማ አንድ የጦር መንኮራኩር ፊት ለፊቷ ብቅ ይላል። ከትሬለሩ ሁሉ ሰው ያስታወሰው ያንን ነው። ፊልሙ ላይ የለም።

ፍርድ ቤት የሄደም አለ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች «የስተርደይ» የተባለውን ፊልም እያንዳንዳቸው በ3.99 ዶላር ተከራይተው አዩ። ያዩት ተዋናይት አና ዴ አርማስ ትሬለሩ ላይ ስለነበረች ነው። ፊልሙ ላይ ግን የእሷ ትዕይንት ተቆርጦ ወጥቷል። ዩኒቨርሳልን ከሰሱ። ስቱዲዮው ትሬለር ራሱን የቻለ የጥበብ ሥራ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነት ይጠበቃል ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን ትሬለር የንግድ ማስታወቂያ ነው፤ የሐሰት ማስታወቂያ ሕግ ይመለከተዋል አለ። ክሱ ራሱ በ2023 ውድቅ ቢደረግም ያ የዳኛው አባባል ነው የሰው አፍ ላይ የቀረው። ለ3.99 ዶላር ጠበቃ መቅጠር እኔ የማስበው ነገር አይደለም፤ ግን የገባቸው ነገር ነበር።

አድናቂ ጮኾ ፊልም ያስቀየረበት ጊዜ አለ?

አለ። ሶኒክ ነው። ሁሉም የሚጠቅሰው ይህንን ስለሆነ ትንሽ ሰፋ ላድርገው።

ሶኒክን የሴጋ ጌም የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ሰማያዊ ጃርት ነው። ትላልቅ ዓይኖቹ መሐል ላይ ተያይዘዋል፤ ነጭ ጓንት፣ ቀይ ጫማ። ኤፕሪል 30፣ 2019 የፓራማውንት ፊልም ትሬለር ሲወጣ የመጣው ግን ሌላ ፍጡር ነበር። ዓይኖቹ ትናንሽና የተለያዩ። ጓንት የለም፤ እጁ ላይ ነጭ ፀጉር ብቻ። እግሮቹ የሯጭ እግር፣ ጡንቻው የሚታይ። ከሁሉ የባሰው አፉን ሲከፍት ነው። በረድፍ የተደረደሩ የሰው ጥርሶች። የእኔ ታናሽ ወንድም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ «ይሄ ጥርሱን ያሳሰረ ሰው እንጂ ሶኒክ አይደለም» አለ። ዓለምም በየቋንቋው ይህንኑ አለ።

ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር ነው፤ የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ነበር። ሁለት ቀን ቆይቶ በትዊተር መልእክታችሁ ደርሶናል፣ እናስተካክለዋለን ብሎ ጻፈ። ፊልሙ ለኖቬምበር 8፣ 2019 የተያዘ ነበር፤ ወደ ፌብሩዋሪ 14፣ 2020 ተገፋ። አዲሱን መልክ እንዲመራ ታይሰን ሄስ ተጠራ። ሰውየው የሶኒክ ኮሚክ ሲሥል የኖረ፣ የሶኒክ ጌም መክፈቻ አኒሜሽን የሠራ ነው። ማለትም ራሱ አድናቂ ነው። ኖቬምበር 12 አዲሱ ትሬለር ወጣ። ዓይኑ ተመልሷል፤ ጓንቱ ተመልሷል፤ ጥርሱ ጠፍቷል። ሰው ይቅርታ አደረገ። ፊልሙ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ተከተለው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ታሪኩን ይዘጉታል። እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ያንን ሁሉ ፀጉር፣ ያንን ሁሉ ዓይን እንደ አዲስ የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ ላይ ከሠሩት የኮምፒውተር ምስል ቤቶች አንዱ ኤምፒሲ ነው፤ የቫንኩቨር (ካናዳ) ቅርንጫፉን በዚያው ዲሴምበር ዘጋው። በሶኒክ ምክንያት ነው የተዘጋው ማለት አይቻልም፤ ድርጅቱ የገበያውን ሁኔታ ነው ምክንያት ያደረገው። ግን ሰዎቹ ፊልሙ ሲኒማ ሳይገባ ሥራ አጥ ሆነዋል። እኛ ያጨበጨብነው በፌብሩዋሪ ነው።

ታዲያ በጮኽን ቁጥር ይሰሙናል ማለት ነው?

አይደለም። ሶኒክ የተሰማለት ችግሩ ጣት የሚቀሰርበት ስለነበር ነው። ጥርሱ። ዓይኑ። ይህንን መቀየር ይቻላል። «ታሪኩ ስልችት ይላል» ለሚለው ግን ትሬለሩ ከወጣ በኋላ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። በዚያ ላይ የኮምፒውተር ገጸ ባሕርይ ነው፤ ተዋናይ ጠርቶ እንደገና መቅረጽ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ነበር።

ሌላው የሚጠቀሰው የስናይደር ጉዳይ ነው። ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በ2017 በቤተሰብ ሐዘን ምክንያት ከ«ጀስቲስ ሊግ» ወጣ፤ ፊልሙን ሌላ ሰው ጨረሰው። ውጤቱ ለማንም አልጣመም። አድናቂዎቹ የስናይደርን ቅጂ ልቀቁልን ብለው ሦስት ዓመት ያህል ወተወቱ። ሀሽታግ አወጡ፤ በአውሮፕላን ባነር አስጎተቱ፤ ለራስ ማጥፋት መከላከያ ድርጅትም ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰቡ። በመጨረሻ ማርች 2021 የአራት ሰዓቱ ቅጂ በኤችቢኦ ማክስ ወጣ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን ጭራ አለው። በ2022 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ባወጣው ዘገባ መሠረት ስቱዲዮው ባስጠናው ጥናት በዚያ ዘመቻ ከተናገሩት አካውንቶች ቢያንስ 13 በመቶው ሐሰተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ቀሪው እውነተኛ ሰው ነው፤ ይህ አይካድም። ግን ከዚያ ወዲህ «አድናቂዎች ተቆጡ» የሚል ርእስ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንቶቹ ሰው ናቸው ብዬ ነው።

«በ24 ሰዓት 365 ሚሊዮን ጊዜ ታየ» የሚሉት ቁጥር እውነት ነው?

ቁጥሩን የሚያወጣው ስቱዲዮው ነው። የዩቲዩብ፣ የፌስቡክ፣ የኢንስታግራም፣ የቲክቶክ፣ ሁሉም ይደመራል። አንድ እይታ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ደግሞ እንደየመድረኩ ይለያያል። እርስዎ ጣትዎን እያንሸራተቱ ያለፉበትም ሊቆጠር ይችላል።

ሆኖም እርስ በርስ ለማነጻጸር ይረዳል። የኢንፊኒቲ ዋር ትሬለር በ2017 በመጀመሪያው ቀን 230 ሚሊዮን፣ የተከታዩ የኤንድጌም በ2018 289 ሚሊዮን፣ «ስፓይደርማን፦ ኖ ዌይ ሆም» በ2021 355.5 ሚሊዮን፣ «ዴድፑል እና ወልቨሪን» በ2024 365 ሚሊዮን። እያንዳንዱ በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ቁጥሩ በየጊዜው የሚያድገው የሰው ፍቅር ስላደገ ብቻ አይደለም፤ የሚቆጠርበት ቦታም በዝቷል።

ብዙ የተወራለት ፊልም ብዙ ብር ያስገባል?

የጓደኞቼ ክርክር የማይበርድበት ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት ፊልም ላንሣ፤ ሁለቱም የ2022 ናቸው።

«ሞርቢየስ» ኤፕሪል ላይ ወጣ። አልተወደደም። ኢንተርኔቱ ግን ቀልድ አደረገው፤ ፊልሙ ላይ የሌለ አባባል ሳይቀር ፈጥረውለት ለሳምንታት ተሳሳቁበት። ስቱዲዮው ወሬውን አይቶ ጁን ላይ ፊልሙን ከ1,000 በላይ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች እንደገና አስገባው። በዚያ የሳምንት መጨረሻ ያስገባው 300,000 ዶላር ገደማ ነው። አካፍሉት፦ ለአንድ ሲኒማ ቤት 300 ዶላር ገደማ። ሰው ሲቀልድ ነበር እንጂ ትኬት አልፈለገም።

በተቃራኒው «አቫታር» አለ። የመጀመሪያው በ2009 ከወጣ 13 ዓመት ሞልቶታል። የሁለተኛው ትሬለር ሲወጣ ስንቱ ነው «እስቲ ከአቫታር የአንድ ገጸ ባሕርይ ስም ጥሩልኝ» እያለ የቀለደው። እኔም ቀልጃለሁ፤ አልደብቅም። ፊልሙ 2.3 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። ትሬለሩን አይቶ ምንም ሳይጽፍ ልጆቹን ይዞ ሲኒማ የሚገባ ሰው አለ። እሱ ኮሜንት ላይ የለም።

ዲስላይኩ ለምን አይታይም?

ዩቲዩብ ኖቬምበር 2021 ላይ «አልወደድኩትም» (ዲስላይክ) ያሉ ሰዎችን ቁጥር ሸሸገው። የተቀናጀ ጥቃት ለመቀነስ ነው ብሏል። ከዚያ በፊት ግን ራሱን የቻለ የጦር ሜዳ ነበር። የ2016ቱ «ጎስትባስተርስ» ዋና ገጸ ባሕርያቱ ሴቶች ሆነው ሲመጣ ትሬለሩ በወቅቱ በዩቲዩብ ታሪክ ከፍተኛ ዲስላይክ ያገኘ የፊልም ትሬለር ሆነ። ቀልዱ ያላስቃቸው ነበሩ፤ መብታቸው ነው። ሴቶቹን ብቻ ያልወደዱም ነበሩ። ሁለቱ አንድ ቁልፍ ነው የሚጫኑት፤ ቁጥሩ አይለያቸውም። ከተዋናዮቹ አንዷ ሌስሊ ጆንስ በዘረኛ ስድብ ብዛት ለጊዜው ትዊተርን ጥላ ወጣች። ፊልም አለመውደድና ሰው ማሳደድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ትሬለር ታሪኩን ይጨርሰዋል የሚባለው እውነት ነው?

አንዳንዴ ሙልጭ አድርጎ። በ2015 «ተርሚኔተር ጄኔሲስ» ትልቁን ምስጢሩን፣ ጀግናው ጆን ኮነር ራሱ ማሽን ሆኖ መምጣቱን፣ ትሬለሩ ላይ ዘርግፎታል። ዳይሬክተሩ አለን ቴይለር ራሱ ደስ እንዳላለው ተናግሯል። ለምን ያደርጉታል? ስቱዲዮውን ከሚያዝንበት አድናቂ ይልቅ የማይመጣው ተመልካች ያስፈራዋል። ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያወጣል።

ተቃራኒው ኤንድጌም ነው። ከማስታወቂያው አብዛኛው የፊልሙ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነበሩ፤ የቀረው የሦስት ሰዓት ታሪክ አፉን ዘግቶ ነው የመጣው።

የእኔ ተወዳጅ ግን ኖ ዌይ ሆም ነው። ኖቬምበር 2021። ዓለም ሁሉ የቀድሞዎቹ ሁለት ስፓይደርማኖች፣ ቶቢ ማጓየርና አንድሩ ጋርፊልድ፣ ይመጣሉ ብሎ ይጠረጥራል። ጋርፊልድ በየቃለ መጠይቁ የለሁበትም እያለ ለወራት ዋሽቷል፤ ያውም ፈገግ እያለ። ትሬለሩ ሲወጣ ስፓይደርማን ለብቻው ሦስት ጠላቶች ላይ ሲወረወር ይታያል። ከዚያ አንድ ሰው የብራዚሉን ቅጂ ዘገም አድርጎ አየው። ሊዛርድ የሚባለው አዞ መሳይ ጠላት በአየር ላይ እንዳለ ጭንቅላቱ ቧ ብሎ ወደ ጎን ይዞራል። በጥፊ የተመታ ነው። የመታው ሰው ግን የለም! አጥፍተውታል፤ ጥፊው ቀርቷል። ያቺን ቅንጥብ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አልናገርም፤ ፓኬጄን ጨርሳለች። ፊልሙ ዲሴምበር ላይ ሲወጣ ሁለቱም ነበሩ። ምስጢሩን ሁሉም እያወቀው ሄዶ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ።

ትሬለር በእኛ ሰዓት ስንት ላይ ይወጣል?

ብዙ ጊዜ በኒው ዮርክ ጠዋት ይለቀቃል። እዚያ የፈረንጆቹ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በክረምታቸው ከቀኑ 11፣ በበጋቸው ደግሞ ከቀኑ 10 ነው። ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ነው እንጂ እኛ አልተነቃነቅንም። የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) ትሬለሮች ከባዶቹ ናቸው፤ ጨዋታው በእኛ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። በ2024 ለ30 ሰከንድ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተከፈለበት ቦታ ነው። ዋሽንግተን ያሉት ወንድሞቻችን ቀድመው አይተው ጉራ የሚነዙበት ብቸኛው ቀንም እሱ ነው። ተኙ፤ ጠዋት ታገኙታላችሁ።

ትሬለር አይተው የሚያለቅሱት የሪአክሽን ቪዲዮ ሰዎች ከልባቸው ነው?

ግማሾቹ። ካሜራ ፊት ማልቀስ ዛሬ እንጀራ ነው። እብደቱ ግን ከካሜራው ይቀድማል። ኖቬምበር 1998 ስታር ዋርስ ከ15 ዓመት ዝምታ በኋላ ሊመለስ ሲል ትሬለሩ መጀመሪያ በ75 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ታየ። ሰዎች ለሌላ ፊልም፣ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ የፍቅር ፊልም፣ ሙሉ ዋጋ ከፍለው ገብተው የሁለት ደቂቃዋን ትሬለር አይተው ተነሥተው ወጡ። የሚቀርጻቸው አልነበረም፤ ተከታይ አልነበራቸውም። እነዚያን አምናቸዋለሁ።

«ብላክ ፓንተር» ጊዜ እኛ ለምን እንደዚያ ሆንን?

የመጀመሪያው ቲዘር ጁን 2017 በኤንቢኤ ፍጻሜ መሐል ታይቶ በአንድ ቀን 89 ሚሊዮን እይታ ሰበሰበ። በእኛ ሰፈር ካፌ ክርክሩ የተነሣው ግን በሌላ ነገር ነው። «በቅኝ ያልተገዛ፣ ተራራ መሐል ያለ የአፍሪካ አገር» ሲባል አንዱ ጓደኛዬ ማኪያቶውን አስቀምጦ «ዋካንዳ እኛ ነን፤ ያለ ባቡሩ» አለ። ፊልሙ ሲመጣ ንጉሡ የሚናገረው የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ የሆነውን ኮሳ ነው። ተበሳጨ። ከሸንጎው ሽማግሌዎች አንዱ ከንፈሩ ላይ እንደ ሱርማና ሙርሲ ገል አድርጎ ብቅ ሲል ግን ክርኑን ጎኔ ላይ ቀሰረው። «አላልኩህም?»

የሚቀጥለው አቬንጀርስስ? ስለ ወንበሮቹ የሚወራው ምንድን ነው?

ማርች 26፣ 2025 የአቬንጀርስ ፊልሞች ሠሪው ማርቭል በቀጥታ ሥርጭት ወንበር አሳየ። የተዋናይ ስም የተጻፈበት ወንበር። ከዚያ ዝም። ከቆይታ በኋላ ሌላ ወንበር። ከአምስት ሰዓት በላይ። ትሬለር አይደለም፤ ቲዘርም አይደለም፤ የቤት ዕቃ ነው። እኔም ተቀምጬ አየሁት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በ«አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» አይረን ማንን ሲጫወት የኖረው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በጠላትነት፣ ዶክተር ዱም ሆኖ ይመለሳል። ይህ የተነገረው ጁላይ 2024 በሳን ዲዬጎው የአድናቂዎች ጉባኤ ላይ ሲሆን አዳራሹ በጩኸት ተናግቷል። ለፊልሙ የተያዘው ቀን ዲሴምበር 18፣ 2026 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 9 ቀን 2019። ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆነ ፈንዲሻችሁን ያለ ቅቤ እዘዙ።

ትሬለር ሳላይ ብገባስ?

ይቻላል፤ አሪፍም ነው። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። በጠመኔ «8 ሰዓት፦ የጃኪ ቻን፣ 10 ሰዓት፦ የቫንዳም» ይላል። ርእስ እንኳ የለውም። ትሬለራችን ያ ነበር። ገብተን የምናገኘውን አናውቅም፤ የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር አክተሩ እንደማይሞት ነው።

የአክስቴን ልጅ ጥያቄ አልረሳሁም። በ2019 ኤንድጌም ዱባይ ሊታይ ሲል ጻፈችልኝ፦ «አክተሩ ይሞታል?» እኔ መጨረሻውን ከኢንተርኔት ሰምቻለሁ። «የትኛው አክተር?» አልኳት። «አይረን ማን ነዋ!» አለችኝ። «አይሞትም፤ ግቢ» አልኳት። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ የ47 ሰከንድ የድምፅ መልእክት መጣ። የመጀመሪያው 30 ሰከንድ ለቅሶ ነው። ቀሪው ስድብ።